እየተማርኩ ነው

ጎተንበርግ፣ ሐምሌ 12 ቀን 1985 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሸዋዬ፣

ይህ ወረቀት እጅሽ ሲገባ ጊንጪ በጭቃ ተውጣ እንደምትሆን አውቃለሁ። አንቺንም እናቴንም እመቤታችን በደኅና ታክርማችሁ። የእማዬ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ በአምላክ ቸርነት ደኅና ነኝ። የሆስፒታል አንሶላና የሐኪሞች ጋውን የሚታጠብበት ቤት ሥራ አግኝቻለሁ። ማታ ማታ የስዊድን ቋንቋ ክፍል እገባለሁ። ይኸው በሠላሳ ስምንት ዓመቴ ተማሪ ሆኜ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬልሻለሁ። አስተማሪዋ «ገባችሁ?» ስትል ሁሉም «አዎ» ይላል፤ እኔም እላለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ስለዚህ አይደለም። ባለፈው ከአምቦ የመጣ ሰው አግኝቼ፣ ከመስከረም ጀምሮ ትምህርቱ በኦሮምኛ፣ ያውም በላቲን ፊደል ሊሆን ነው አለኝ። እውነት ነው? ከሆነ አንቺ ምን ልትሆኚ ነው? አንቺ እኮ የምታውቂው የገበያውን ነው። ዋጋ መጠየቅና ለቅሶ መድረስ ሌላ፣ ሒሳብ ማስተማር ሌላ።

ስድስተኛ ክፍል ሳስተምርሽም፣ ኋላ እዚያው ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሆኜ አንቺ አስተማሪ ሆነሽ ስትመጪም፣ አንድ ነገር ደጋግሜ ነግሬሻለሁ። አስተማሪ የማያውቀውን ነገር ተማሪ ፊት አያሳይም። አንድ ቀን ከሳቁብሽ አለቀልሽ። እኔ ያንን ግቢ በፊሽካና በዓይኔ ብቻ ነበር የያዝኩት፤ ታስታውሺያለሽ።

አጎታችን ወሰኑ አዲስ አበባ የግል ትምህርት ቤት ያለው ወዳጅ አለው። ቁርጥሽን ጻፊልኝ፤ እኔ እነግረዋለሁ።

ወንድምሽ ሚልኪያስ


ጊንጪ፣ መስከረም 21 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ ሚልኪ፣

እንኳን አዲሱን ዘመን በጤና አየህ። ካለህበት ብርድ እሱ ይጠብቅህ። እናትህ እትዬ ዘቢደር ደኅና ናቸው፤ ዝናቡ ሲያባራ ጉልበታቸው ቀለል ብሎላቸዋል። ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝ። «አንሶላ» የሚለው ቦታ ስደርስ እየዘለልኩ ነው ያነበብኩላቸው። እሱን አንተ ራስህ ንገራቸው።

የሰማኸው እውነት ነው። ክረምቱን አምቦ ኮርስ ላይ ከረምን። ፊደሉ አልከበደኝም፤ እንግሊዝኛ የተማረ ሰው ያነበዋል። የከበደኝ አፌ ነው። በቀደም ለብቻዬ ሆኜ የመጀመሪያውን ትምህርት ለመለማመድ ሞከርኩ። ሰላምታውን ጨርሼ ሒሳቡ ጋ ስደርስ፣ መንገድ እንደጠፋበት ሰው ቆሜ ቀረሁ።

ብዙዎቹ ሄደዋል። ዳይሬክተሩ ዝውውር ጠይቆ ወጣ። ሁለቱ የሳይንስ አስተማሪዎች አዲስ አበባ ገቡ። እኔን ፊደል ያስቆጠሩኝ እትዬ ዘርፈሽ ግን አሉ። «ጡረታዬ እስኪደርስ ሰሌዳ ላይ እየጻፍኩ ገልብጡ እላቸዋለሁ» ብለው ሳቁ፤ ሳቃቸው አላማረኝም። ለንሳ የምትባል ወጣት አስተማሪ ከአምቦ ተመድባልናለች። ከትምህርት በኋላ ቁጭ ብላ ታስጠናኛለች፤ ትዕግሥቷን ብታይ።

እውነቱን ልንገርህ፤ ፈርቻለሁ። ሰኞ አምስተኛ ክፍል እገባለሁ። እባክህ ለጋሼ ወሰኑ ጻፍልኝ።

እህትህ ሸዋነሽ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 4 ቀን 1986 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

አምላክ የለመኑትን አይነሳም! ከሰላምታዬ በፊት ምሥራቹን ልንገርሽ። ጋሼ ወሰኑ ነገሩን ጨርሶታል። ከጥር ጀምሮ ስድስተኛ ክፍል ሒሳብ፣ በአማርኛ። ማደሪያሽም እነሱ ቤት ነው። የሚጠበቅብሽ ሰርተፊኬትሽን ይዘሽ አውቶቡስ ላይ መውጣት ብቻ ነው።

እናቴን ማን ያያታል ብለሽ እንዳታስቢ። ጎረቤት አለ፣ እኔም አለሁ። ራስሽን እዚያ አታስገምቺ። የአስተማሪ ክብር አንዴ ከወደቀ አይነሳም። ቶሎ ጻፊልኝ፤ ጋሼ ወሰኑ ቃሉን ሰጥቶ እየጠበቀ ነው።

ሚልኪያስ


ጊንጪ፣ የካቲት 10 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ ሚልኪ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? እዚህ ሁላችንም በጤና አለን። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ቆየ። ሳልጽፍ የቆየሁት ችላ ብዬ አይደለም፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ጠፍቶኝ ነው።

አልሄድኩም።

የሆነውን ልንገርህ። ትምህርት በጀመርን በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ሒሳቡን እንደ ምንም ጨርሼ፣ «ነገ በጊዜ ኑ» ልላቸው ፈለግሁ። ቦሩ ማለት ነገ ነው። አንተም ታውቃለህ። ድምፁን ከጎተትከው ግን የደፈረሰ ውኃ ይሆናል። እኔ ጎተትኩት። «ደፍርሳችሁ ኑ» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

አንተ የነገርከኝ ቀን መጣ። ፊቴ ጋለ። እንዳንተ ጠረጴዛውን መትቼ «ዝም በሉ!» ልል ነበር፤ አፌ ድረስ መጥቶ ነበር። ግን ጋሼ ሚልኪ፣ ነገሩ እውነትም ያስቃል። ሳቄ አመለጠኝ። እኔ ስስቅ እነሱ ደንግጠው ዝም አሉ። ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጠውን ኤቢሴን «ምን አልኩ?» ብዬ ጠየቅኋት። ተነሥታ፣ አቀርቅራ፣ አስረዳችኝ። «እንግዲያው እንዴት ልበል?» አልኳት። አለች፤ ደገምኩት። «አሁንም ትንሽ ረዝሟል» አለችኝ። ሦስተኛው ላይ ክፍሉ በሙሉ «አሁን ሆነ!» ብሎ አጨበጨበ።

በማግስቱ ጠዋት ኤቢሴ በሩ ላይ ቆማ፣ «በርሲስቱ፣ ሳንደፈርስ መጥተናል» አለችኝ። በርሲስቱ መምህርት ማለት ነው።

ያን ቀን ተስማማን። እኔ ቃል ስሳሳት እነሱ ያርሙኛል፤ እነሱ ክፍልፋይ ሲሳሳቱ እኔ አርማቸዋለሁ። ግማሽ የሚለውን ቃል ባጣሁ ጊዜ ብርቱካን ለሁለት ቆርጬ አሳየኋቸው፤ «ወለካ!» ብለው ጮሁ። እንዲህ እያልን ይኸው የካቲት ደረስን። የገረመኝን ልንገርህ? መጀመሪያ ላይ እጃቸውን የማያወጡ የነበሩ ልጆች ማውጣት ጀምረዋል። ክፍሌ ውስጥ መሳሳት የሚያሳፍር ነገር መሆኑ የቀረ ይመስለኛል።

የማውቀው አንድ ጸሐፊ ደግሞ በቅርቡ ጠጋ ብሎ፣ «በዚህ ጊዜ ሸዋነሽ የሚለውን ስም ይዘሽ ምን ያደርግልሻል? ፋይልሽ ላይ ለሊሴ ብናደርገውስ?» አለኝ። ለክፋት አይደለም፤ ያዘነልኝ መስሎት ነው። «ለሊሴ ስሙ ያምራል፤ ግን ያቺ ሴትዮ እኔ አይደለሁም» አልኩት። አፋን ኦሮሞን ብማር እኔው ሸዋነሽ እማረዋለሁ እንጂ ሌላ ሰው ሆኜ አይደለም።

ጋሼ ወሰኑን ይቅርታ ጠይቅልኝ። እንድትጽፍለት የለመንኩህ እኔ ነበርኩ፤ አሁን ተወው የምልህም እኔ ነኝ። አትቀየመኝ።

ሸዋነሽ


ጎተንበርግ፣ ሚያዝያ 27 ቀን 1986 ዓ.ም.

እህቴ ሸዋነሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋሼ ወሰኑ በወዳጁ ፊት አፍሯል። ምክር ጠይቀሽኝ ነበር፣ ሰጠሁ። ከዚህ በኋላ የራስሽን ታውቂያለሽ። የእናቴን ጤንነት ብቻ እየጻፍሽ አሳውቂኝ።

ሚልኪያስ


ጊንጪ፣ ነሐሴ 9 ቀን 1986 ዓ.ም.

ጋሼ ሚልኪ፣

ከልቤ እንደምን ነህ እላለሁ። እትዬ ዘቢደር ደኅና ናቸው፤ ቡሄ ሲደርስ ስምህን እያነሱ ናቸው። የእሳቸውን ጤና ብቻ ጻፊ ብለኸኛል። ይኸው ጻፍኩ። የቀረውን ካልፈለግህ አታንብበው።

በሰኔ ከበላይ የተላከ አንድ ሰው መጣ። አስተማሪዎች ሁሉ ተሰበሰብን። ጥያቄው አጭር ነበር። በአፋን ኦሮሞ ለማስተማር ትችላላችሁ ወይስ አትችሉም? በየተራ እያስነሣ ጠየቀን። ሁሉም «ኤዬ» እያለ ይቀመጣል፤ አዎ ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ «ገልብጡ» እያሉ የከረሙት እትዬ ዘርፈሽም ተነሥተው «ኤዬ» አሉ።

የእኔ ተራ ደረሰ። ልማልልህ፣ ኤዬ ለማለት ነበር የተነሣሁት። ከዚያ ኤቢሴ ትዝ አለችኝ። ዓመቱን ሙሉ «አላውቀውም፣ ንገሪኝ» ስላት የከረምኩትን ልጅ ነገ በምን ፊት አያታለሁ? «ሂን ዳንደኡ። በረቻን ጅራ» አልኩ። አልችልም፤ እየተማርኩ ነው።

ሰውዬው የሰማ አልመሰለውም። «ዓመቱን ሙሉ ሳትችዪ ነው ያስተማርሽው?» አለኝ። «አዎ፤ ልጆቹ እያገዙኝ። ሒሳቡን ግን ጠይቃቸው፤ ያውቁታል» አልኩት። ከዚያም አላስችል ብሎኝ ጨመርኩ። «ከእኛ መካከል የሚቸገረው እኔ ብቻ አይደለሁም። ግን እንባረራለን ብለን ከፈራን አንናገርም፤ ካልተናገርን ደግሞ የሚረዳን የለም።» ከጎኔ ለንሳ እጄን ያዘችኝ።

የቀሩትንም ጠይቆ ሄደ። በሐምሌ ወረቀት መጣልኝ። ከመስከረም ጀምሮ ደንዲ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ከሐይቁ በኩል ወዳለ የገጠር ትምህርት ቤት ተዛውሬያለሁ። ቅጣት ነው ያለኝ የለም። «የሰው ኃይል ማመጣጠን» ነው የተባለው።

እትዬ ዘርፈሽ ማታውኑ ቤቴ መጥተው አለቀሱ። «አንቺ ስትቆሚ እኔ ዋሸሁ» አሉኝ። እሳቸው የሚያሳድጓቸው የልጅ ልጆች አሉባቸው፤ እኔ ለራሴ ብቻ ነኝ። እንዲያ ብዬ አጽናናኋቸው። የኤቢሴ አባት ኦቦ ጀቤሳ ደግሞ፣ ስንዴ የሚያርስ ረጅም ዝምተኛ ሰው ነው፣ ከሌሎች ወላጆች ጋር መጥቶ «ሄደን እንጩህ» አለኝ። «ለእኔ ብላችሁ አትጩኹ» አልኩት። ሲወጣ በሩ ላይ ዞር ብሎ ያለኝን ልጻፍልህ። «ልጄ ቤት ስትገባ ‹ዛሬ መምህሬን አስተማርኳት› ትለኛለች። በዚያ ቀን ሳልቆጣት ደብተሯን ታነባለች።»

ፈርቼ ነው የምሄደው። ግን እሄዳለሁ።

ሸዋነሽ


ጎተንበርግ፣ ጥቅምት 18 ቀን 1987 ዓ.ም.

ሸዋዬ፣

የደንዲ ብርድ አይጉዳሽ፤ ጋቢ ሳትደርቢ እንዳትወጪ።

ደብዳቤሽን ሳነብ በጣም ተናደድኩ። ሰው ሁሉ ያላትን አንዲት ቃል ማለት ምን አቃተሽ? ማን ይመረምርሽ ነበር? ይህን ሁሉ ጽፌ ነበር፤ ቀድጄ ጣልኩት። የቀደድኩበትን ልንገርሽ።

ማክሰኞ ማታ ክፍል ገባሁ። አስተማሪያችን አንድ ረጅም ነገር አስረድታ «ገባችሁ?» አለች። ሁሉም አዎ አለ። እኔም አፌን ከፈትኩ፤ ያንቺ ቃል ትዝ አለኝ። «አልገባኝም» አልኩ። ዓመት ሙሉ ሳይገባኝ እንደከረምኩ ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። ደግማ አስረዳች። ስንወጣ አንድ የቺሊ ሰው ትከሻዬን መታ አድርጎ «እኔም አልገባኝም ነበር» አለኝ። ከአጠገቤ ከተቀመጠ ስንት ጊዜው! አንድም ቀን አውርተን አናውቅም ነበር።

ትክክል ነሽ ለማለት ገና ነኝ። ግን ጻፊልኝ፤ የእማዬን ብቻ አይደለም።

ወንድምሽ ሚልኪያስ


ደንዲ፣ ሰኔ 2 ቀን 1988 ዓ.ም.

ጋሼ ሚልኪ፣

ሰላምህ ይብዛ። እዚህ የፖስታ ነገር ሰው ጊንጪ ገበያ ሲወርድ ነውና ብዘገይ ይቅር በለኝ። በየሁለት ሳምንቱ ወርጄ እትዬ ዘቢደርን አያቸዋለሁ። ፎቶህን ትራሳቸው አጠገብ አድርገዋል። አንሶላውን ራስህ ስለ ጻፍክላቸው ደስ ብሏቸዋል። «ልጄ የታመመ ሰው የሚተኛበትን ያነጻል» ብለው ለጎረቤት ያወራሉ።

ስለ እኔ ብዙ የምጽፈው የለም። ክፍሎቹ የጭቃ ግድግዳ ናቸው፤ ከደጅ ሐይቁ ይታያል። አማርኛ የሚያወራኝ ስለሌለ ምላሴ ተፈታ። እዚህ እየተሳሳትኩ እገበያያለሁ፣ አስታርቃለሁ፣ ሕልምም አያለሁ። ዳይሬክተራችን አምና ለትምህርት ሄዶ አልተመለሰም። ሰዉ ነገሩን ሁሉ ወደ እኔ ያመጣል፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። ልጅ ሲጠፋ እኔ ጋ፣ አስተማሪዎች ሲጣሉ እኔ ጋ። በኋላ ወላጆቹ ተሰብስበው ለጽሕፈት ቤቱ አመለከቱና ቦታውን ለእኔ ሰጡኝ። ፊሽካ አልገዛሁም። ስጠራቸው ይመጣሉ።

ለንሳም ጠይቃ ወደዚህ ተዛውራለች። አንድ ቀን መጥተህ ብታየን።

ሸዋነሽ


ጎተንበርግ፣ የካቲት 20 ቀን 1991 ዓ.ም.

ውድ እህቴ ሸዋዬ፣

በሰላም ገብቻለሁ፤ ምስጋና ለእሱ። እማዬን ከዐሥር ዓመት በላይ ቆይቼ አቅፌ ሳምኳት፤ ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ? ነገር ግን ይህን ደብዳቤ የምጽፈው እዚያ ሳለሁ ላንቺ ልናገረው ያልቻልኩት ነገር ስላለ ነው። ፊት ለፊትሽ ብናገረው ሌላ ወሬ ታመጪብኛለሽ።

የዚያን ቀን ጠዋት ጊንጪ ላይ ጋሪ ተከራይቼ ወደ ትምህርት ቤትሽ ስመጣ፣ ላስገርምሽ ብዬ ነበር። አጥሩ ጋ ስደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። አንድ ሰውዬ ዱላ ይዞ መሃል ቆሟል፤ ወንድሞቹ ከኋላው። ጣቷ ያበጠ ትንሽ ልጅ ከእግሩ ሥር ታለቅሳለች። ፎቶዬን እማዬ ዘንድ ያየችው ለንሳ አወቀችኝና ሮጣ መጥታ ነገሩን አስረዳችኝ። ወጣቱ አስተማሪ ፈዬራ በዋዜማው ልጅቷን በማስመሪያ መትቶ ጣቷን ሰብሯል። አባትየው ጉዩ ሊበቀል መጥቷል። ፈዬራ ዕቃ ቤት ገብቶ ተደብቋል። አስተማሪዎቹ «ዛሬ አልመጣም በይው» እያሉ ይለምኑሻል።

እኔ ብሆን በሩን ዘግቼ ፖሊስ አስጠራ ነበር።

አንቺ ወጣሽ። እጅሽ ላይ የጠመኔ አቧራ ነበር። «ኦቦ ጉዩ፣ አካም ቡልተን?» አልሽው፤ እንዴት አደሩ። ሰላምታሽን አልመለሰም።

«ልጄን የሰበራት የታለ?»

«ውስጥ ነው» አልሽ።

ሸዋዬ፣ እውነት ለመናገር በዚያች ቅጽበት ያበድሽ መስሎኝ ነበር። አስተማሪዎቹ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሹ። አንቺ ግን ቀጠልሽ። «ጣቷን የመታት እሱ ነው። ግን ይህ ትምህርት ቤት የእኔ ነው። ልጆቻችሁ እዚህ አይመቱም ብዬ ያን ዕለት በስብሰባው...» ብለሽ ቆምሽ። ቃሉ ጠፋብሽ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ ዱላ ከፊትሽ ተይዞ፣ ቆመሽ ቃል ትፈልጊያለሽ። አልደበቅሽውም። ወደ ሌላ ነገርም አላለፍሽም። «ምንድነው የሚባለው... ሰው ለሰው የሚሰጠው፣ የማያፈርሰው...»

ጉዩ በዚያ ንዴቱ ውስጥ ሆኖ «ዋዳ» አለሽ።

«አዎ፣ ዋዳ። ዋዳ ሰጥቼ ነበር። አልጠበቅኩትም። የምትጠይቁት እኔን ነው» አልሽው።

ዱላው የወረደው ያን ጊዜ ነው። አይቻለሁ። ሰው በቁጣ እየነደደ ቃል አቀብሎሽ፣ መልሶ ሊመታሽ እንዴት ይችላል?

ከዚያ ወደ ልጅቷ ጎንበስ ብለሽ እጇን አየሽና፣ «ፈዬራ፣ ና ውጣ» አልሽ፤ ድምፅሽን ከፍ ሳታደርጊ። ልጁ ከዕቃ ቤቱ ወጣ። ስለ እሱ አልተናገርሽለትም። እስኪናገር ጠበቅሽው። በመጨረሻ «አጥፍቻለሁ። ተናድጄ ነው የመታኋት» አለ። ጉዩ ዞር ብሎ እንኳ አላየውም። ግን ሰማው።

ልጅቷን እኔ በመጣሁበት ጋሪ ላይ ጫንሻትና ወደ ጤና ጣቢያ ይዘሻት ወረድሽ። በአንድ ወገን አባቷ፣ በሌላው የመታት ሰው በእግራቸው ይከተላሉ። እኔን ያየሽኝ ያኔ ነው። ዐሥር ዓመት ሙሉ ላልተያየን ሰዎች ያልሽኝን ታስታውሺያለሽ? «ጋሼ ሚልኪ፣ እንኳን ደኅና መጣህ፤ ሦስተኛ ክፍልን ያዝልኝ።»

ያዝኩልሽ። ኦሮምኛዬ ከድሮውም የባሰ መሆኑን ነገርኳቸው። እስከ ምሳ ድረስ ሲያስተምሩኝ ዋሉ።

ማታ ለንሳን «እንዴት ነው የምትመራችሁ?» ብዬ ጠየቅኋት። ግራ ገባት። «አትመራንም» አለችኝ መጀመሪያ። ቀጥላ ግን፣ «እሷ ያለችበት ስብሰባ ላይ መዋሸት ይከብዳል» አለችኝ። ይህን እሷ ራሷ ነግራሽ አታውቅም ይሆናል፤ እኔ ነገርኩሽ።

ለሃያ ዓመት ያህል አስተማሪ የሚከበረው በሚደብቀው ነገር ይመስለኝ ነበር። አንቺ ምንም ሳትደብቂ፣ ሸዋነሽ ተብለሽ ሄደሽ ሸዋነሽ ሆነሽ፣ ሰው ሁሉ ተከተለሽ። ምንም ሳትፈሪ። ኮራሁብሽ። ድሮ አስተምሬሽ ስለ ነበር ሳይሆን፣ ያስተማርኩሽን ስላልሰማሽኝ ኮራሁ።

ወንድምሽ ሚልኪያስ


ጊንጪ፣ ኅዳር 6 ቀን 1992 ዓ.ም.

ጋሼ ሚልኪ፣

ክብር ስለ ሰጠኸኝ ክብሩ ለአንተ ይሁን። ደብዳቤህን እትዬ ዘቢደር በጎረቤት ሁሉ ፊት አስነብበውኝ አሳፍረውኛል። ጉልበታቸው ግን ዘንድሮ ከብዷል። ለገና እንድትጽፍላቸው ይፈልጋሉ፤ ረጅም አድርገው።

አንድ ነገር ግን ተሳስተሃል። «ምንም ሳትፈሪ» ብለሃል። ጉዩ ፊት ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቀሚሴ ሰፊ ሆኖ ነው ያላየኸው። ስነሣ ሁልጊዜ እፈራለሁ። ብቻ ሌላ ሰው መስሎ መቆም ከዚያ ይበልጥ ያደክመኛል። አንድ ጊዜ ከጀመርከው በየቀኑ መጠበቅ አለብህ፤ እኔ ያን ያህል ጉልበት የለኝም። ምስጢሬ ይኸው ነው፤ ጀግንነት አታድርገው።

አሁን ወሬዬን ልንገርህ። በመስከረም ጠርተው የጉድኝት ሱፐርቫይዘር ሁኚ አሉኝ። ሰባት ትምህርት ቤት መከታተል ነው። ልቤ እምቢ ነበር ያለው። ሐይቁንና ልጆቹን ትቼ ከቢሮ ወንበር ምን አለኝ አልኩ። ለንሳ ተቆጣችኝ። «እዚያ ወንበር ላይ ‹ትችላላችሁ?› እያለ የሚጠይቅ ሌላ ሰው ይቀመጥ?» አለችኝ። እሺ አልኩ። ትምህርት ቤቱን እሷ ይዛዋለች፤ ከእኔ የተሻለች ናት።

ባለፈው ሳምንት የሰባቱን ዳይሬክተሮች ለመጀመሪያ ጊዜ ሰበሰብኩ። ሁሉም በግድግዳው ዙሪያ በየወንበሩ ተደርድሮ፣ ሱፉን ለብሶ፣ ሪፖርቱን ይዞ ተቀመጠ። የመጀመሪያው ተነሣና ትምህርቱ በጥሩ ሁኔታ እየተካሄደ ነው ብሎ ጀመረ። ሁለተኛውም ያንኑ አለ። ሦስተኛው ሲነሣ አስቆምኩት።

«ይቅርታ» አልኩ። «መጀመሪያ እኔ ልናገር። ይህን ሥራ እንዴት እንደሚሠራ ገና አላውቅም። ቢሮ ይዤ አላውቅም፤ በጀት የሚባለውን አንድ ሰው እንዲያስረዳኝ እለምናለሁ። አሁን እናንተ የከበዳችሁን ንገሩኝ። ዛሬ የምትናገሩት ነገር በማንም ላይ አይመዘገብም።»

አንዱ እስክሪብቶውን ይከፍታል ይዘጋል። አንዱ መስኮት መስኮቱን ያያል። ውጭ ሲሚንቶ የጫነ መኪና ወደ አምቦ እያጓራ አለፈ፤ እስኪርቅ ድረስ ሰማነው። ተሳሳትኩ ብዬ አሰብኩ፤ እነዚህ ሰዎች አያውቁኝም፤ ምን ብለው ያምኑኛል? ዝም ማለት ግን አለብኝ ብዬ ተቀመጥኩ።

ከሁሉም በዕድሜ የገፋው ኦቦ ኤጄታ ነው፤ ከጭልሞ ደን ወዲያ ያለውን ትምህርት ቤት ሲመራ ፀጉሩ የሸበተ ሰው። ሪፖርቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። ተነሣ።

«እኔ ሰባተኛ ክፍል ሒሳብ የሚያስተምር ሰው የለኝም» አለ። «ሁለት ዓመት ሆነኝ። አለ እያልኩ ስናገር ከረምኩ፤ ልጆቹ ሒሳብ ሳይማሩ ስምንተኛ ገቡ። ለማን ልንገር? የሚጠይቀኝ ሁሉ ‹ችግር አለ?› ሳይሆን ‹ችግር የለም አይደል?› ነው የሚለኝ።»

ተቀመጠ። ፊቱን በመሐረብ ጠረገ።

ከዚያ ማዶ ያለው እጁን አወጣ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። አንዱ «እኔ ጋ ሁለት ሒሳብ አስተማሪ አለ፤ አንዱን በሳምንት ሁለት ቀን ልልክልህ እችላለሁ» ሲል ኦቦ ኤጄታ ከወንበሩ ብድግ አለ። ርቀት ስለነበር አልሰማ ብሎት፣ ወንበሩን ከግድግዳው አንሥቶ ወደ ሰውዬው አስጠጋ። ሌሎቹም እንዲሁ። ማንም ሳያዝዝ፣ ሁላችንም ወንበራችንን እየጎተትን መሃል ላይ ተሰበሰብን። ምሳ ሰዓት ማለፉን ያወቅነው ጥበቃው ማታ ቢሮውን ሊቆልፍ ሲመጣ ነው።

እህትህ ሸዋነሽ